መርፌዋ ከሰባ እንዳትወርድ

ወንድሜን ማየት የፈለገ ሰው ተቸግሮ አያውቅም ነበር። በሆቴሉ ዋና በር ይገባል፣ እንግዳ መቀበያውን አልፎ ወደ ሳሎኑ ይታጠፋል፣ ከባሩ አጠገብ አንድ የመስታወት ክፍል ያያል። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ክፍል ማለት እንኳን ማጋነን ነው፤ ሰፋ ያለ ቁም ሣጥን ነው። ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ የሌላውን እግር ሳይረግጥ አይዞርም። ሦስቱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ የዝግባ መደርደሪያ ነው፣ መደርደሪያው ጢም ብሎ የሞላው በሲጋር ነው፣ አራተኛው ግድግዳ መስታወት ነው። እኛ ሠራተኞቹ «ሣጥኑ» እንለዋለን። ወንድሜን ደግሞ «ባለ ሣጥኑ»።

እኔ የምሠራው ከጀርባ ነበር፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ካውያ ላይ። ከእሱ ጋር አንድ ቤት ነው የምንኖረው። የእኔም ባል የእሱም ሚስት ከሞቱ ወዲህ፣ ለየብቻ ከምንቆዝም ተጠጋግተን እንጨቃጨቅ ተባብለን ነው። ታላቄ ስለሆነ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንቺ ምላሳም» ይለኛል። ሐሰት አይደለም። ምላሴን የወለደችኝ እናቴም አልቻለችውም።

ጋሼ አናጺ ነበር። በሆቴሉ ያለ በርና መስኮት ሁሉ በእጁ ያለፈ ነው። የሚሠራው ደጅ፣ ጓሮው ካለው ዛፍ ሥር፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ነበር። ከዚያ የሆቴሉ ባለቤት ትልልቅ እንግዶች ሲጋር ይወዳሉ ሲባል ሰሙና ሣጥኑን አሠሩ። መደርደሪያውን የሠራው ጋሼ ነው። ሲጨርስ ባለቤቱ እንጨቱን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ «ይህን እንጨት የምታውቀው አንተ ነህ፤ ሰው እስክናገኝ ለጊዜው አንተው ጠብቅልን» አሉት። ለጊዜው የሚሉት ነገር ልትጠይቅ እንደመጣች አማት ነው፤ አንዴ ሻንጣዋን ካስገባች አትወጣም። ይኸው ሰው ሳይገኝ የጋሼ ፂም ነጣ፣ አናጺነቱንም ለሌላ ሰጡት።

ሥራው ምንድን ነው ብትሉ፣ አንዲት መርፌ መጠበቅ ነው። ሲጋር ቅጠል ነውና እርጥበት ይፈልጋል፣ ያውም ልክ ያለው እርጥበት። ግድግዳው ላይ እንደ ሰዓት ያለች ክብ መለኪያ ተሰቅላለች፤ መርፌዋ ሰባ አካባቢ ከቆመች ሰላም ነው። ብዙ ከወረደች ቅጠሉ ይደርቅና እንደ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ብዙ ከወጣች ይሻግታል፣ ነቀዝም ይገባዋል። ከላይኛው መደርደሪያ ጀርባ እርጥበት የሚሰጥ ማሽን አለ። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን ንጹህ ውሃ ይሞላለታል፣ የቧንቧ ውሃ አያስነካውም። የላይኞቹን ሲጋሮች ወደ ታች፣ የታችኞቹን ወደ ላይ ያዛውራል። አልፎ አልፎ መለኪያዋን ያወርድና፣ ረጠብ ያለ ጨው በጠርሙስ ክዳን አድርጎ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ላስቲክ ውስጥ አሽጎ ያሳድራቸዋል። በማግስቱ መርፌዋ ሰባ አምስት ላይ ካልተገኘች መለኪያዋ ዋሽታለች ማለት ነው። «ሰው ይዋሻል፣ ጨው አይዋሽም» ይላል።

ራት ላይ የምሰማው ወሬ ይኸው ነበር። «ማታ ጥያት ስመጣ ትወርዳለች፣ ጠዋት ስገባ ደግሞ ቀስ እያለች ትነሳለች። እኔን ትናፍቃለች እኮ» ይለኛል፣ ስለ መርፌዋ። እኔም «ተመስገን በል፣ አንድ ናፋቂ አገኘህ» እለዋለሁ።

በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ ይወጣል ብሎ ሥራ አስኪያጁ ደንብ አወጣ። ጋሼ ጠዋት ከገባ እስከ ምሳ አይወጣም፣ ከምሳ በኋላ ከገባ እስከ ማታ አይወጣም። እንግዳ ሲመጣ በትንሿ መስኮት ያቀብላል። ሌላው ጊዜ ቁጭ ነው። ያ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ እጅ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ራሱ እንደ ሱቅ ዕቃ በመስታወት እየታየ። የተተኮሰ የጠረጴዛ ልብስ ተሸክሜ በሳሎኑ ሳልፍ አየውና ደሜ ይፈላል። ጠቀስ ሳደርገው እንኳን አይስቅም፣ መርፌዋን ያሳየኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቶ ነበር። አንድያ ልጁ ሩቅ ከተማ ስታገባ ፈቃድ ጠይቆ ሄደ፣ ሣጥኑን ለባርማኑ ሰጡት። ባርማኑ ውሃውን ሞላ፣ በሩን ዘጋ፣ ወደ ብርጭቆዎቹ ተመለሰ። ጋሼ ሲመጣ ሲጋሩ ደርቆ ጠበቀው። የባለቤቱ የክብር እንግዳ የያዙት ሲጋር እጃቸው ላይ ተፈርፍሮ ጭናቸው ላይ ቀረ ተባለ። ባርማኑ ምን አጠፋ? ምንም። ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነውና ሁሉም እሱ ላይ ተረባረበ። ጋሼ ገብቶ በተቀመጠ በጥቂት ቀን መርፌዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ባለቤቱም ሠራተኛውን ሰብስበው «የዚህ ሰው እጅ በረከት አለው፤ ያለ እሱ እጅ አይሆንም» አሉ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄን ይቁረጠውና። ያን ቀን ነው በሩ የተዘጋበት።

ከዚያ ወዲያ ፈቃድ የሚባል ነገር ቀረ። ልጁ ወለደች፣ አላየም። የልጅ ልጁ ቆመች፣ ሄደች፣ አፏን ፈታች፣ አላየም። ሕፃኗ የምታውቀው በስልክ ስለሆነ «አያት ስልክ» ትለዋለች። መጀመሪያ ስቀን ነበር። በኋላ አንድ ቀን ስልኩን ዘግቶ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሥራ አስኪያጁን በጠየቀ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ እጅ እንዴት ይሆናል? ትንሽ ይታገሡ እንጂ።» ልጁ ደግሞ በስልክ፣ «አባዬ፣ እኛ እንበልጣለን ወይስ ሲጋሩ?» ትለዋለች። እውነቱን ልናገር፤ ልጅቷን ናፍቆ ያለቅሳል፣ «ያለ እርስዎ እጅ» ሲሉት ደግሞ ደረቱ ይነፋል። ሁለቱም እሱ ነው።

በመጨረሻ ያወጣው እግሩ ነው። መታጠቢያ ቤታችን በር ላይ አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፣ ሐኪሙም ሳምንት ሙሉ እንዳይረግጥበት አዘዘ። እግሩ እንደ ዱባ አብጦ፣ የሚያሳስበው ሌላ ነው።

«ሣጥኑን ማን ይይዘዋል?» አለኝ።

«ባርማኑ ይያዘዋ።»

«በመቃብሬ ላይ! አንቺ ግቢ። ለሥራ አስኪያጁ ደውዬ እነግረዋለሁ። ጠዋት ውሃውን ትሞያለሽ፣ ትቀመጫለሽ፣ በሩን አትከፍቺም፣ ምንም አትነኪም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሲጋርና ሻማ አልለይም።»

«ለዚህ ነው የመረጥኩሽ። አውቃለሁ የሚል ሰው ይነካካል።»

ገባሁ። ዳንቴሌን ይዤ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። የእንጨቱ ሽታ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ቆየት ሲል ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። አየሩ ይከብዳል። ውጭ ሰው አፉን ይከፍታል፣ ይስቃል፣ ድምፁ አይሰማም። አንዱ እንግዳ ጠጋ ብሎ አየኝ ስል፣ ለካ መስታወቱን እንደ መልክ ማያ ቆጥሮት ኖሯል፤ ፊቴ ላይ ቆሞ ክራቫቱን አስተካከለ። ማሳል ፈለግሁ፣ መነሳት ፈለግሁ፣ ጩኺ ጩኺ አለኝ። ልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ሙቀቱ ለጉድ ነው፣ ግን እዚያ ሰው አለ፣ ሐሜት አለ፣ ሳቅ አለ። ወንድሜ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ውስጥ ሆኖ ነው ማታ እየመጣ የሚያጫውተኝ ብዬ፣ ዳንቴሉን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

በማግስቱ ውሃውን ዘንግቼ አረፈድኩና ልክ ለምሳ ልወጣ ስል ትዝ አለኝ። ቶሎ ብዬ ማሽኑን ሞላሁትና በጓሮ በኩል ወደ ጓደኞቼ ሄድኩ። በልብስ ማጠቢያው ግቢ ግድግዳ ላይ አንዲት ቀጭን ቱቦ ብቅ ብላ ውሃ ታንጠባጥባለች። የአየር ማቀዝቀዣው ነው ብለን ከሥሯ ባልዲ ካኖርን ስንት ዘመኑ። ውሃዋ ንጹህ ስለሆነ የእንፋሎት ካውያችንን የምንሞላው በእሷ ነው። ያን ቀን ቱቦዋ ስታንጠባጥብ ሳይሆን ስትፈስ ደረስኩ።

«ዛሬ ምን ነካት?» አለች አንዷ። «ሌላ ጊዜ እንዲህ የምትሆነው ጠዋት ነበር።»

እንጀራዬን ትቼ ተነሣሁ። ተመልሼ ገባሁና ዱካው ላይ ቆሜ ከመደርደሪያው ጀርባ እጄን ሰደድኩ። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ግን ምንም ንፋስ አይወጣውም። መሐረቤን አፉ ላይ አስጠጋሁት፣ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ በጠዋት የሚሞላው ውሃ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ወደ ባልዲያችን ይፈሳል ማለት ነው። ለሲጋር የተገዛ ውሃ የአልጋ ልብስ ሲተኩስ ኖሯል። ጋሼም ምኑን ይጠርጥር፤ ውሃው ይጎድላል፣ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ መርፌዋ ቦታዋ ላይ ናት።

ታዲያ መርፌዋን ማን ያዛት? ቀና ብዬ አየኋት፣ ሰባ ላይ ናት። እኔ እንደሆንኩ ምንም አልነካሁም። ተቀምጬ ዳንቴል ከመሥራት በቀር ያደረግኩት ነገር የለም። ያኔ ነው ካውያ ቤታችን ትዝ ያለኝ፤ ካውያው ሳይለኮስ፣ ሴቶቹ ገብተን በር ዘግተን ስናወራ ብቻ መስኮቱ ያልበዋል።

በሚቀጥለው ቀን ሣጥኑን ዘግቼ ባሩ ጋ ተቀመጥኩ። ባርማኑ «እትዬ፣ አይገቡም እንዴ?» ሲለኝ «እጅ እጅ አለኝ» አልኩት። ሌሊት የወረደችው መርፌ እንደ ወትሮዋ በመነሳት ፈንታ እስከ ምሳ ጭራሽ ወረደች። ከምሳ በኋላ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ማታ ልወጣ ስል ሰባ ልትደርስ ትንሽ ቀርቷታል። ጉድ ነው አልኩ። ሲጋሩን የሚያኖረው እጅም አይደለ፣ በረከትም አይደለ፤ የሰው ትንፋሽ ነው። አይውጣ ብለው ስለዘጉበት ነው መርፌዋ የቆመችው፣ መርፌዋ ስለቆመች ነው አይውጣ ያሉት።

ቤት ስገባ ጋሼ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ «መርፌዋስ?» አለኝ።

«ደህና ናት። ጋሼ፣ ማሽኑ ሞቷል።»

ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ስለ ቱቦዋ ጠየቀኝ፣ በየት በኩል ነው የምትወጣው፣ ስንት ጣት ትሰፋለች እያለ፣ እንደ አናጺነቱ ዘመን። እጆቹን ገለበጠና አያቸው።

«እና እጄስ?» አለ።

አንጀቴን በላው። ግን ምላሴ ቀደመኝ። «እጅህማ አናጺ ነው። ሲጋሩን የያዘው ትንፋሽህ ነው፤ እዚያ ውስጥ በግ ቢታሰርም ያው ነው» አልኩት። ፊቱ ሲወድቅ አይቼ ቶሎ አስከተልኩ፣ «እሰይ በል እንጂ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ማሽኑን ያስጠግናሉ፣ አንተም ልጅህ ዘንድ ትሄዳለህ።»

«አፈር ስሆንልሽ አትናገሪ» አለኝ። ጋሼ ለምኖኝ አያውቅም። «ማሽኑ ከተጠገነ ያሰናብቱኛል። መሄዱንስ እሄዳለሁ፣ ግን ምን ሆኜ? ልጄ ለባሏ ቤተሰብ ‹አባቴ ከሌለ ሆቴሉ አይሆንለትም› ብላ ነግራቸዋለች። በግ ይተካሃል የተባልኩ ሽማግሌ ሆኜ፣ ሻንጣዬን ይዤ በሯ ላይ ልቁም?»

«እና እዚያው ተቀምጠህ ልትሞት ነው?»

«ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

እግሩ ሲሻለው ተመልሶ ገባ። በፊት ሳያውቅ ነበር የሚቀመጠው፣ አሁን እያወቀ ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስለ መርፌዋ ማውራት ተወ። አንድ ቀን በሳሎኑ ሳልፍ ጉንጮቹን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን መርፌዋ ላይ ተክሎ አየሁት። ፊቱ እስኪቀላ ይዞ ቆየና ለቀቀው። ማታ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ከዚያ ልጁ ደወለች። እንደ ልማዱ «እስቲ እሷን አገናኚኝ» አላት። ከወዲያ የሕፃኗ ድምፅ ይሰማል፣ «ስልክ አልፈልግም፣ ስልክ አልወድም» ትላለች። እናቷ ትለማመጣታለች፣ እሷ ትሮጣለች። ጋሼ «ተያት፣ ተያት፣ ትጫወት» አለ። ስልኩን ዘግቶ ራቱን ሳይነካ ተነሣ። እኔም በቃኝ አልኩ።

በማግስቱ የተተኮሰውን ሸሚዝ ለማድረስ በሚል ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልንገርህ። ወንድሜ እግሩን ሲያመው ሣጥኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። መርፌዋ ንቅንቅ አለች?»

«ኧረ አላለችም። እኔም ገርሞኝ ነበር።»

«አይግረምህ። እጁ የዘር ነው። አባታችንም እንዲሁ ነበር። ለወንድ ብቻ የሚወርድ ይመስለን ነበር፣ ለካ በእኔም አለ።» አባቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ ሲጋር የሚባል ነገር ሳያይ ነው የሞተው። «እሱ ሄዶ ልጁን ይይ፣ እኔ እይዘዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሣ። «በእርስዎ እጅ ከሆነማ ምን ችግር አለ፤ ጋሼ ዛሬውኑ ፈቃድ ይውሰዱ» አለ። ይህን ሁሉ ዓመት ያልተገኘ ፈቃድ በአንድ ውሸት ተገኘ። ባርማኑ ብቻ ሲሰማ በጎን አየኝና «እትዬ፣ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለኝ። ስቄ አለፍኩት።

ጋሼን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት። የክት ኮቱን ለብሶ፣ ፂሙን ተስተካክሎ፣ ፈቃድ ወስዶ እንደሚሄድ ትልቅ ሰው ነው የሄደው። በመስኮቱ እጄን ያዘና፣ «ወሩ ሳያልቅ መጥቼ አወጣሻለሁ» አለኝ። ማልቀሱን እንዳላይበት ዞር አልኩለት።

ወሩ አለቀ። ሌላም ጨመረ። ልጁ እየደወለች «አክስቴ፣ ትንሽ ይቆይልን» ትላለች፣ ሥራ አስኪያጁም «እርስዎ ካሉ እሳቸው ይቆዩ» ይላል። እኔ ሣጥኑ ውስጥ ነኝ። ዳንቴሌ አልቆ የማለብሰው ጠረጴዛ ጠፋ። ጓደኞቼ ምሳ ላይ ወሬያቸውን ሲነግሩኝ፣ ያልነበርኩበት ወሬ ስለሆነ ሳቁ አይመጣልኝም። ባለፈው ጥርሴን አሞኝ አንድ ቀን ፈቃድ ብጠይቅ፣ ሥራ አስኪያጁ በትሕትና፣ «እትዬ፣ ያለ እርስዎ እጅ እንዴት ይሆናል?» አለኝ።

ንገሪያቸው ትሉኝ ይሆናል። ብነግራቸው ማሽኑ በአንድ ቀን ይጠገናል፣ እኔም እወጣለሁ። ግን ወሬው ከዚህ ሆቴል ይወጣል። ሲያጨበጭብለት የነበረው ሠራተኛ ሁሉ ይስቅበታል፣ ባለቤቱ በእንግዶቻቸው ፊት ያወሩታል፣ አንድ ቀን የልጁ ባል ጆሮ ይደርሳል። ስንት ዓመቱን የሰጠበት ነገር የምላሴ መሳቂያ እንዲሆን አልፈልግም። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፣ ስናደድ ቶሎ ቶሎ እተነፍሳለሁ፣ መርፌዋ ደግሞ ትንፋሼን ትወዳለች።

ትናንት ጠዋት በቃ ቆረጥኩ። ምሳ ሰዓት እደውላለሁ፣ «ጋሼ፣ ጠበበኝ፣ ና» እለዋለሁ አልኩ። ቃሉን ለብቻዬ ስለማመደው አረፈድኩ። ምሳ ሲደርስ ጓሮ ወጥቼ ደወልኩ። ቶሎ አላነሣም። ሲያነሣ እንደ ሯጭ ያለከልካል።

«ምነው ጋሼ፣ አመመህ?»

«ኧረ ምን ያመኛል! ይህቺ ልጅ አታስቀምጠኝም። ዥዋዥዌ ሠርቼላት ግፋኝ ግፋኝ፣ ከዚያ ደግሞ ያዘኝ ያዘኝ...» ትንፋሽ አጥሮት ቆመ። ከኋላው የሕፃኗ ሳቅ ይሰማል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ረስቼሽ አይደለም። ጠቦሻል፣ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ፣ እተካሻለሁ።»

ወዲያ ማዶ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፣ በሰፊው፣ እንደ ልቡ።

«አትቸኩል» አልኩት። «ምን ጠቦኝ? ከካውያ አይሻልም? ተቀምጦ መብላት ነው።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ያዝ፣ ልጅቷ ትጠብቅሃለች።»

ስልኩን ዘጋሁት። ምሳዬን ሳልበላ ሰዓቱ ሄዶ ነበር። በሳሎኑ በኩል አለፍኩ፣ ባርማኑ ሰላም አለኝ፣ ገባሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።